ዝንጉርጉሩ ሲያድግ ጥቁር ይሆናል፦ የእባብ ቀለም ከዕድሜ ጋር የሚለወጠው ለምንድን ነው?

ቤይሩት፦ በሊባኖስ ርእሰ ከተማ ዙሪያ በሚገኙት የኮረብታ ሰፈሮች፣ በበዓብዳ፣ በሐዝሚዬ፣ በበይት ሜሪ፣ በዓሌይና በመሳሰሉት፣ የመኖሪያ ሕንፃዎች ከጥድ ደንና ከወይራ ማሳ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። በእነዚህ አካባቢዎች ግቢ የሚጠርጉ፣ አትክልት የሚያጠጡ፣ ከምድር ቤት ዕቃ የሚያወጡ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አሉ። በሥራቸው ላይ ሳሉ እባብ ቢያጋጥማቸው በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «መርዘኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለመልሱ የሚታየው የእባቡ ቀለም ነው። ጥቁር ከሆነ አንድ ፍርድ፣ ዝንጉርጉር ከሆነ ሌላ ፍርድ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ የእባብ ቀለም ቋሚ ምልክት አይደለም። ልክ እንደ ሰው ፀጉር ሁሉ የበርካታ እባቦች ቆዳም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ከእንቁላል ሲወጣ ዝንጉርጉር የነበረው እባብ ካደገ በኋላ ወጥ ጥቁር፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ይህን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያስከትላል። የመጀመሪያው ጉዳት የሌለውን እንስሳ እንደ እፉኝት ቆጥሮ መግደል ሲሆን፣ ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ስሕተት ግን እፉኝትን ጉዳት የለሽ ነው ብሎ መቅረብ ነው።

አንድ እንስሳ፣ ሁለት መልክ

የሊባኖስ ሕዝብ «ሐነሽ» እያለ የሚጠራው ትልቅ ጥቁር እባብ ለዚህ የቀለም ለውጥ ግልጽ ምሳሌ ነው። በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሌሎች የዐረብ አገሮች ይኸው ቃል ማንኛውንም እባብ ሊያመለክት የሚችል መሆኑ ነው። በመሆኑም ከሌላ አገር ወደ ሊባኖስ የመጣ ሠራተኛ ቃሉን በሌላ ትርጉም ሊረዳው ይችላል። በሊባኖስ ጠቅላላው የእባብ መጠሪያ «ሐዬ» ሲሆን፣ «ሐነሽ» ሲባል ግን በአብዛኛው የሚታሰበው ይህ ረጅሙ ጥቁር እባብ ነው።

የሳይንስ ስሙ «ዶሊኮፊስ ጁጉላሪስ» የሚባለውን ይህን እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ መንገድ የመዘገበው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758 ነበር። ሐነሽ ከቱርክና ከቆጵሮስ አንሥቶ በሶርያ፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ በኩል እስከ ኢራቅና ኢራን ድረስ ይኖራል። ሙሉ በሙሉ ያደገው ከሁለት ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ላይ የራስና የጉሮሮ አካባቢ ቀላ ብሎ ይታያል። ቀን ቀን የሚንቀሳቀስ፣ እጅግ ፈጣን የሆነና መርዝ የሌለው እባብ ነው። አይጦችን፣ እንሽላሊቶችንና ሌሎች እባቦችን፣ እፉኝትን ጭምር፣ ይመገባል። ለገበሬውም ሆነ ለከተማው ነዋሪ ትልቁ ጥቅሙ የአይጥን ቁጥር መቀነሱ ነው።

ልጁ ግን ወላጁን አይመስልም። በበጋው ሙቀት ከተጣለው እንቁላል በመስከረም አካባቢ የሚፈለፈለው ትንሽ ሐነሽ፣ መደቡ ግራጫ ወይም አፈርማ ቡናማ ሆኖ በጀርባው ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችና አጫጭር መስመሮች ተደርድረው ይታዩበታል። ይህን መልኩን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይዞ ይቆያል። ከዚያም ነጠብጣቡ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ፣ መደቡም እየጠቆረ ይሄድና በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ገደማ ጥቁሩን መልክ ይይዛል። በመካከሉ ባለው ጊዜ ግማሽ ጥቁር፣ ግማሽ ዝንጉርጉር የሆነ እባብ ሊታይ ይችላል። ይህም ድቅል ወይም በሽተኛ ሳይሆን ገና በሽግግር ላይ ያለ ወጣት ሐነሽ ነው።

«የእባብ ልጅ እፉኝት» የሚለው የአገራችን አባባል ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፣ በሐነሽ ላይ የሚደርሰውን ስሕተት በሚገባ ይገልጻል። ዝንጉርጉሩ ልጅ እፉኝት ይመስላልና ብዙ ጊዜ እንደ እፉኝት ተቆጥሮ ይገደላል።

ቀለሙ የሚሠራው ከየት ነው?

የእባብ ቀለም በዋናነት የሚመነጨው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ከሚገኙ ልዩ ልዩ ሕዋሳት ነው። እነዚህም በሦስት ይከፈላሉ። «ሜላኖፎር» የሚባሉት ሜላኒን የተሰኘውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይይዛሉ፤ ይህም ለሰው ልጅ ቆዳና ፀጉር ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። «ዛንቶፎር» የሚባሉት ደግሞ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ከሚይዟቸው ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ ከምግብ የሚገኙ ናቸው። ሦስተኞቹ «ኢሪዶፎር» ይባላሉ። እነዚህ የራሳቸው ቀለም የላቸውም፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሳሉ። የእባቡ ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው በከፊል በእነርሱ ምክንያት ነው።

እባቡ ሲያድግ የእነዚህ ሕዋሳት ብዛት፣ አቀማመጥና የሚይዙት የቀለም መጠን ይለወጣል። በሐነሽ ቆዳ ላይ ጥቁሩ ቀለም እየበረከተ ሄዶ በነጠብጣቡና በመደቡ መካከል የነበረውን ልዩነት ይውጠዋል። ነጠብጣቡ የጠፋው ስለ ለቀቀ ሳይሆን ዙሪያው እንደ እርሱ ስለ ጠቆረ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፊ የተሳሳተ አመለካከት አለ። ብዙ ሰዎች እባቡ ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር አሮጌ ቀለሙን አውልቆ አዲስ የሚለብስ ይመስላቸዋል። እባብ የሚገፈው ግን የሞተውን ስስ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። በአጥር ሥር ወድቆ የሚገኘው የእባብ ልባስ ብርሃን የሚያሳልፍና የደበዘዘ የሚሆነውም ዋናው ቀለም ከሥር ስለሚቀር ነው። የቀለሙ ለውጥ ዕለት በዕለት የሚካሄድ ሆኖ፣ ግልጽ ብሎ የሚታየው አሮጌው ሽፋን ሲነሣ በመሆኑ በአንድ ሌሊት የተለወጠ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የማይለወጠው የቅርፊቱ ቁጥር ነው። እባብ ሲያድግ ቅርፊቶቹ ይሰፋሉ እንጂ አይበዙም። በመሆኑም ባለሙያዎች የእባብን ዓይነት ለመለየት ከቀለሙ ይልቅ የቅርፊቱን ረድፍና የራሱን ቅርፊቶች አቀማመጥ ይመረምራሉ። በሐነሽ ወገብ ዙሪያ የሚቆጠሩት ረድፎች፣ እንስሳው ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ዝንጉርጉርም ሆነ ጥቁር፣ ብዙውን ጊዜ 19 ናቸው። ይህ ግን ቀርቦ መቁጠርን የሚጠይቅ የባለሙያ ሥራ በመሆኑ በቤትና በግቢ የሚሞከር አይደለም።

የለውጡ ጥቅም

ትንሽ እባብ ጠላቱ ብዙ ነው። ጭልፊት፣ ድመት፣ ቀበሮና ሌሎች እባቦች ሳይቀሩ ያድኑታል። ለማምለጥ የሚያስችል ጉልበት ስለሌለው ዋናው መከላከያው አለመታየት ነው። በደረቅ ሣር፣ በድንጋይ ክምርና በረገፈ ቅጠል መካከል ጸጥ ብሎ ሲተኛ፣ ዝንጉርጉሩ ቀለም የሰውነቱን ቅርጽ ስለሚሰባብረው ዓይን በቀላሉ አይለየውም። በተጨማሪም እፉኝትን መምሰሉ አንዳንድ ጠላቶቹን ሊያስፈራለት ይችላል።

ያደገው እባብ አኗኗር ከዚህ ይለያል። ሰፊ ቦታ እየተዘዋወረ ያድናል፤ አደጋ ሲመጣም በፍጥነት ይሸሻል። ወጥ ቀለም ያለው ረጅም አካል በፍጥነት ሲጓዝ ተመልካቹ የትኛውን ክፍል እንደሚያይና እባቡ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ለመገመት ይቸገራል። ከዚህም ሌላ ጥቁር ገጽታ የፀሐይን ሙቀት በሚገባ ይስባል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው በመሆኑ ይህ ለትልቅ እንስሳ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች እነዚህን ምክንያቶች የሚያቀርቡት አንዱ ሌላውን በማይሽር መልኩ ነው።

በቤት ውስጥ የሚረቡ እባቦች

ይኸው ሂደት በብዙ የዓለም ክፍሎች እንደ ቤት እንስሳ በሚያዙት አይጥ በል እባቦች ላይም ይታያል። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቀው መገኛው ሰሜን አሜሪካ የሆነው «የበቆሎ እባብ» ነው። አዲስ የተፈለፈለው በግራጫማ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማና ቀላ ያለ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። እያደገ ሲሄድ መደቡ ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፤ በአንገቱ ጎንም ቢጫ ቀለም ይወጣል። የዚሁ ወገን የሆኑት ጥቁሩና ቢጫው የአሜሪካ አይጥ በል እባቦች ደግሞ ሲፈለፈሉ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ጥቋቁር ነጠብጣብ አላቸው። ሲያድጉ ግን የመጀመሪያው ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር መልክ ሲይዝ፣ ሁለተኛው ቢጫ ሆኖ አራት ጠቆር ያሉ መስመሮች በርዝመቱ ይወጡበታል።

ይህ እውቀት በአሠሪዎቻቸው ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ ለሚያጋጥማቸው ሠራተኞች ጠቃሚ ነው። አሠሪው የገዛው ባለ ነጠብጣብ እባብ በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ መልኩን ቢለውጥ፣ ይህ በአመጋገብ ወይም በጽዳት ጉድለት የመጣ አይደለም፤ የሚንከባከበው ሰው ጥፋትም አይደለም። የተፈጥሮ ዕድገቱ ነው።

ከዕድሜ ለውጥ ተለይተው መታየት ያለባቸው ምልክቶችም አሉ። እባብ ቆዳውን ከመግፈፉ በፊት ባሉት ቀናት ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ዓይኑም ወተት የመሰለ ወይም ሰማያዊማ ጉም ይለብሳል። በዚህ ጊዜ በደንብ ስለማያይ በቀላሉ ሊደነግጥና ሊነክስ ስለሚችል አለመንካት ይመረጣል። የተገፈፈው ቆዳ በአንድ ጊዜ ሳይወጣ እየተቆራረጠ በሰውነቱ ላይ ከቀረ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የአየሩ ደረቅነት ነው። የሆድ ቅርፊቶቹ መቅላት ወይም መቁሰል ግን የቃጠሎ ወይም የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ማንኛውም ተሳቢ እንስሳ፣ ጤነኛ ቢመስልም እንኳ፣ «ሳልሞኔላ» የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ እንስሳውን ወይም ማኖሪያውን ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና በሚገባ መታጠብ፣ የውኃ መጠጫውንና ሌሎች ዕቃዎቹንም ምግብ በሚዘጋጅበት የወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አለማጠብ ያስፈልጋል።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2017 የእንስሳት ጥበቃና ደኅንነት ሕግ ቁጥር 47ን አውጥታለች። በዱር እንስሳት ንግድ ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀላቅላለች። ከሌላ አህጉር የመጣ እባብን ወደ ጫካ መልቀቅ እንስሳውንም ሆነ የአገሩን ተፈጥሮ ይጎዳል። ከዱር የተገኘውን ይዞ ለማዳ ለማድረግ መሞከርም አደገኛ ነው፤ በተለይ ዝንጉርጉሩን ግልገል «ሐነሽ ነው» ብሎ ማንሣት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እፉኝቶቹ የትኞቹ ናቸው?

በሊባኖስ ከሚኖሩት መርዘኛ እባቦች ዋነኞቹ የእፉኝት ወገኖች ናቸው። በባሕር ዳርቻውና ዝቅ ባሉት ኮረብታዎች የሚገኘው የፍልስጥኤም እፉኝት በጀርባው ላይ እንደ ሰንሰለት ወይም እንደ ሞገድ የተያያዘ ጠቆር ያለ ቅርጽ አለው። በሞቃት ወራት ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው በምሽትና በሌሊት ነው። ደነዝ አፍንጫ የሚባለው ሌላ ትልቅ እፉኝትም በአገሪቱ ይኖራል። በከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኘው የሊባኖስ እፉኝት በበኩሉ ቁጥሩ አነስተኛና የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው መርዝ የሌለው፣ በጀርባው ላይ እንደ ሳንቲም ያሉ ክብ ነጠብጣቦች ያሉት ሌላ እባብ መኖሩ ነው። ይህኛው ካደገም በኋላ ነጠብጣቡን አይተውም፤ ሲቆጣም እንደ እፉኝት ይጠመጠማል፤ ድምፅም ያሰማል። ስለዚህ ዝንጉርጉር እባብ ያየ ሰው ከፊቱ ያለው ወጣት ሐነሽ፣ ባለ ሳንቲሙ እባብ ወይም እውነተኛ እፉኝት ሊሆን ይችላል። የእፉኝት ልጅ ደግሞ ከተፈለፈለበት ዕለት ጀምሮ መርዝ አለው። ትንሽነቱ አያስተማምንም።

የጥቁር ቀለምም ዋስትና የሚሰጥ አይደለም። በሲና፣ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በኩዌትና በኢራቅ በረሃዎች የሚኖሩት ጥቁር የበረሃ እባቦች ከኮብራ ወገን የሆኑና ብርቱ መርዝ ያላቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር ማምባ ስሙን ያገኘው ከአፉ ውስጠኛ ክፍል ጥቁረት ሲሆን፣ ቆዳው ግራጫ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ነው፤ በወጣትነቱ ፈካ ብሎ ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። በኢትዮጵያ በዛፍ ላይ የሚኖረው «ቡምስላንግ» የተባለው መርዘኛ እባብም ሲወለድ ግራጫማና ቡናማ ሆኖ፣ ሲያድግ በተለይ ወንዱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንረዳው የቀለም ለውጥ በመርዘኞቹም መርዝ በሌላቸውም ላይ የሚታይ መሆኑን፣ በሊባኖስ ስለ ሐነሽ የተገኘው እውቀትም በሌላ አገር እንዳለ ሊሠራበት እንደማይገባ ነው።

በሊባኖስ የተሳቢ እንስሳት ጥናት አሁንም አዲስ ነገር የሚገኝበት ዘርፍ ነው። የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲዋ ሱዓድ ሕራዊ ብሎኬና የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲው ሪያድ ሳዴቅ ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር የአገሪቱን ተሳቢዎች ስርጭት የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በሊባኖስና በአጎራባች ተራሮች የሚኖር አንድ ብርቅ አይጥ በል እባብ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ፣ «ኤላፌ ድሩዜይ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ዓይነቱ ሳይለይ የሚገደል እባብ እንዲህ ያለ ብርቅ እንስሳ ሊሆን ይችላል።

እባብ ቢያጋጥም ምን ይደረግ?

እባቦች በሊባኖስ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በዚህ ወቅት በግቢ ሲሠሩ የተሸፈነ ጫማ ማድረግ፣ ድንጋይ፣ እንጨት ወይም የአበባ ማስቀመጫ በባዶ እጅ ከማንሣት በፊት በመጥረጊያ እንጨት ማንቀሳቀስ፣ ማታ ሲወጡ መብራት መያዝ ጠቃሚ ነው። የምግብ ትራፊና የተከማቸ ቆሻሻ አይጥ ይጠራል፤ አይጥም እባብ ይጠራልና ግቢን ማጽዳት የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

እባብ የታየ እንደሆነ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ሕፃናትንና የቤት እንስሳትን ማራቅ፣ ለአሠሪው ወይም ለሕንፃው ጠባቂ መንገር ይገባል። አብዛኛው እባብ መውጫ ካገኘ በራሱ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ገብቶ ከሆነ የክፍሉን በር ዘግቶ ወደ ሲቪል መከላከያ በስልክ ቁጥር 125 መደወል ይቻላል። ሠራተኛው እባቡን እንዲገድል ወይም እንዲይዝ ቢጠየቅ እንኳ ይህ ሊሠራው የሚገባ ሥራ አይደለም፤ በርካታ ሰዎች የሚነደፉት ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲሞክሩ ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አንድ ሰው ቢነደፍ ወደ ሊባኖስ ቀይ መስቀል በ140 መደወል ያስፈልጋል፤ የአምቡላንስ አገልግሎቱ በነፃ ነው። በዐረብኛ «ለደገትኒ ሐዬ» ማለት «እባብ ነደፈኝ» ማለት ሲሆን፣ የሰፈሩን ስም አያይዞ መናገር እርዳታውን ያፋጥናል። እስከዚያው የተነደፈውን ሰው ማረጋጋት፣ የተጎዳውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት፣ እብጠት ስለሚኖር ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ልብስ ማውለቅ ተገቢ ነው። ቁስሉን መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠብቆ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ ወይም የባህል መድኃኒት መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል። እባቡን ተከታትሎ መያዝም አያስፈልግም። ከሩቅ ያለ አደጋ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ለሐኪሙ ይረዳል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ አንዴ የደነገጠ ሰው የማይጎዳውንም መፍራቱ አይቀርም። ፍርሃቱ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ካደረገው ጠቅሞታል። ዱላ እንዲያነሣ ካደረገው ግን ሰውየውን ለአደጋ፣ አይጥ የሚቀንስለትን ሐነሽ ደግሞ ለሞት ይዳርጋል። የእባብ ቀለም ስለ ዕድሜው ብዙ ሊናገር ይችላል፤ መርዝ ያለውና የሌለው መሆኑን ግን በእርግጠኝነት አይናገርም። ስለሆነም የትኛውንም እባብ ከሩቅ ትቶ ማለፍና አስፈላጊ ሲሆን ባለሙያ መጥራት የተሻለው መንገድ ነው።